ሁሉ አማረኝ፦ ሥራ፣ ልቦለድ፣ ኳስና ፖለቲካ በአንድ ሳምንት ውስጥ

የሌሊት_ሒሳብ (ክሩን የከፈተው) — ሰኞ፣ ከሌሊቱ 6፡40

"ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት" የተባለው ለእኔ ይመስለኛል። ቀን ሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው። የወር መዝጊያ ሲደርስ ቀኑና ሌሊቱ ይቀላቀልብኛል። ከሥራ ውጭ ደግሞ ሦስት ነገር አለኝ፤ ሦስቱም የራሴ ምርጫ ናቸው፣ ማንም አላስገደደኝም። ሁለት ዓመት ያለፈው ያላለቀ ልቦለድ አለኝ። ማክሰኞና ቅዳሜ ኳስ የምጫወትበት ቡድን አለኝ። በዚያ ላይ የአንድ ፓርቲ ቅርንጫፍ ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። (የትኛው ፓርቲ እንደሆነ አልናገርም፤ ክሩ ወደዚያ ከሄደ አይመለስም።)

እስካለፈው ሐሙስ ድረስ "ጊዜ የለኝም" እያልኩ ስኖር ነበር። ሐሙስ ከስብሰባ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ገባሁ፤ 5 ሰዓት ላይ ልቦለዱን ከፈትኩ። ማስታወሻ የምይዘው ለራሴ በምልከው የቴሌግራም መልእክት ነው። ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ ዐይኔ እየተከደነ፣ አንድ ሐሳብ ብልጭ አለልኝና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ሊቀመንበሩ ከምዕራፍ ሦስት በፊት መሞት አለበት። መርዝ ይሻላል፣ ቢላ ጫጫታ አለው።" ላክሁና ተኛሁ።

የላክሁት ለኮሚቴው ግሩፕ ነበር።

ጠዋት ስነሳ 14 ሰው አንብቦታል። ሊቀመንበራችን ደግ ሰው ናቸው፤ "ለሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ይያዝልኝ" ብለው ብቻ መለሱ። ሁሉም ስቆ አለፈ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልኩ። ያን ሰዓት ላይ የቀረችኝ አእምሮ የራሴን ማስታወሻ ከግሩፕ የማትለይ ከሆነች፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ልቦለዴን የጻፍኩት በዚህችው አእምሮ ነው ማለት ነው። ተመልሼ ያለፉትን 20 ገጾች አነበብኩ። እውነትም እንደዚያው ናቸው።

አንዱን ልጣል? ወይስ የሚያዝበት መላ አለ? "በርታ" የሚል መልስ እንዳትጽፉልኝ፤ በርትቼ ነው እዚህ የደረስኩት።


ባለ168 — ሰኞ፣ ጠዋት 2፡15

የሒሳብ ሰው ሆነህ ሒሳቡን አለመሥራትህ ገርሞኛል። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። እንቅልፍ 56፣ ሥራ 45፣ መንገድ 10 በልና ቀንስ፤ 57 ይቀርሃል። ለምግብ፣ ለልብስ፣ ለቤተሰብ፣ ለወረፋ 30 አውጣ፤ 27 ቀረ። ኳስ ሁለት ቀን ከነመልበሻው 6፣ ኮሚቴ 4። አሁንም 17 ሰዓት በእጅህ አለ። በ17 ሰዓት ልቦለድ ይጻፋል። ጊዜው የጠፋው ስልክህ ውስጥ ነው፤ የስክሪን ሰዓትህን ክፈትና እየው።


ሁለት_ልጅ_አንድ_ልቦለድ — ሰኞ፣ ጠዋት 4፡05

@ባለ168 ወንድሜ፣ ያቺ "ምግብ፣ ልብስ፣ ቤተሰብ፣ ወረፋ" ብለህ በአንድ መስመር ያለፍካት 30 ሰዓት የማን ናት? እኔ ቤት 30 ሰዓት ማክሰኞ ላይ ታልቃለች።

17ቷ ሰዓትም ብትኖረኝ በአንድ ላይ አትመጣልኝም፤ በ10 ደቂቃ በ10 ደቂቃ ተቆራርጣ ነው የምትመጣው። 102 ጊዜ 10 ደቂቃ ደግሞ በካልኩሌተር እንጂ በኑሮ 17 ሰዓት አይሆንም። አንድ ሥራ ትቶ ወደሌላ ሲዞሩ አእምሮ የቀድሞውን ይዞ እንደሚቆይ ሶፊ ሌሮይ የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ጽፋበታለች፤ የትኩረት ቅሪት ትለዋለች። እኛ ሴቶች ስም ሳናወጣለት ስንኖርበት የቆየ ነገር ነው።

@የሌሊት_ሒሳብ ለአንተ ልንገርህ፤ እኔ በ10 ደቂቃ የሚጻፈውንና የማይጻፈውን ለየሁት። ምልልስ በጫጫታ ውስጥ ይጻፋል። ልጆቹ ዋና ሲማሩ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሁለት ሰዎች ሲጨቃጨቁ መጻፍ እችላለሁ፤ እንዲያውም ፉጨቱና የውኃው ድምፅ ያግዘኛል። ሰው ብቻውን ቆሞ የሚያስብበትን ቦታ ግን በዚያ ሁኔታ ሞክሬው ሁሌም ተበላሽቷል። እሱን እሑድ ጠዋት ልጆቹ ሳይነሱ ለምትገኝ አንድ ሰዓት አስቀምጥለታለሁ። ልቦለዴ በምልልስ የተሞላው ለዚህ ነው፤ አንባቢ "ስታይል" ይለዋል 😄


ግራ_ክንፍ — ሰኞ፣ ቀን 6፡50

መጀመሪያ ስሜን ላስረዳ፤ ሜዳ ላይ ነው እንጂ ፖለቲካ ውስጥ አይደለም።

ኳሱን እንዳትነካው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ይመከራል። ሁለት ቀን ከተጫወትክ እሱን ጨርሰሃል፤ ጂም የለ ምን የለ።

ልነግርህ የፈለግኩት ግን ሌላ ነው። ኳስ ራሱን ይጠብቃል። ቅዳሜ ብትቀር 10 ሰው ይሰድብሃል፣ ቦታህን ሌላ ይይዝብሃል፣ ተቀያሪ ወንበር ላይ ትጣላለህ። ኮሚቴም እንደዚያው ነው፤ ምልዓተ ጉባኤ ካልሞላ ይደወልልሃል። ሥራማ አይወራም። ልቦለድህ ብትቀርበት ማን ይደውልልሃል? አራቱ ሲጋፉ ሁልጊዜ የሚወድቀው ጠያቂ የሌለው ነው። ስለዚህ ጠያቂ አብጅለት። እኔ ስጽፍ (አዎ፣ እኔም እጽፋለሁ፤ አትሳቁ) ለበረኛችን ሁልጊዜ ቅዳሜ ሁለት ገጽ አመጣለታለሁ። በረኛችን ሥነ ጽሑፍ አያውቅም፤ ግን "የታለ?" ማለት ያውቃል።


አራሚው — ሰኞ፣ ማታ 1፡30

ልጆቼ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ አራሚ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራተኛ ደራሲዎችን ረቂቅ ሳርም ኖሬአለሁ። የጠያቂያችን ነገር አንድ ሰው አስታወሰኝ።

አንቶኒ ትሮሎፕ የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1834 ፖስታ ቤት ተቀጥሮ እስከ 1867 ድረስ ሠርቷል። ሥራው ለስም የተያዘ አልነበረም፤ በባቡርና በፈረስ አገር ለአገር እየዞረ የፖስታ መስመር የሚያደራጅ ሰው ነው። ይኼው ሰው 47 ልቦለድ ጽፏል። ጠዋት በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጠረጴዛው ጋ ይቀመጥና ሰዓቱን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃል ይጽፋል። ሦስት ሰዓት ያህል ጽፎ፣ ልብሱን ለብሶ፣ ለቁርስ ይወርዳል። ባቡር ላይ ደግሞ ጉልበቱ ላይ የምትቀመጥ ሰሌዳ አሠርቶ በእርሳስ ይጽፍ ነበር። ስፖርቱ በፈረስ እየጋለቡ ቀበሮ ማደን ነው፤ ወቅቱ ሲደርስ ከአደን አይቀርም።

አሁን ፖለቲካው። ፓርላማ መግባት ከልጅነቱ ጀምሮ ምኞቱ ነበር። ፖስታ ቤቱን ለቀቀ፤ በዓመቱ፣ በ1868፣ ቤቨርሊ በሚባል ከተማ ተወዳደረ። ከአራት ተወዳዳሪ አራተኛ ወጣ። ምርጫው በጉቦ የተበከለ ስለነበር ቆይቶ ከተማዋ ራሷ ፓርላማ የመላክ መብቷን ተነጠቀች። ሥራውን ይዞ መጻፍ ችሏል፣ ማደን ችሏል፤ ፖለቲካው ግን ሥራ ለቅቆ እንኳ አልሆነለትም። ፖለቲካ ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ብቻህን ተነሥተህ የምትሠራው ነገር አይደለምና። የሌላው ሰው ጊዜ ካልመጣ ያንተ ጊዜ ብቻውን ምንም አያደርግልህም።


ሁለት_ልጅ_አንድ_ልቦለድ — ሰኞ፣ ማታ 2፡10

ጋሼ አራሚው፣ በአክብሮት ግን ታሪኩን ጎደሎ አደረጉት። ሰውየውን ጠዋት ቡና ይዞ የሚቀሰቅስ ሎሌ ነበረው፤ ለዚሁ ብሎ በዓመት 5 ፓውንድ ይጨምርለት ነበር። ባቡር ላይ በእርሳስ የጻፈውን በንጹሕ የሚገለብጡት ደግሞ ሚስቱ ናቸው። ሎሌ ስጡኝና፣ ገልባጭ ስጡኝና እኔም በሩብ ሰዓት 250 ቃል ባልጽፍ!


አራሚው — ሰኞ፣ ማታ 2፡25

ልክ ነሽ ልጄ። ሎሌውን ማንሳት ነበረብኝ፤ ራሱም ከዚያ ሎሌ የበለጠ ባለውለታ እንደሌለው ጽፏል። ሚስቱንስ ረስቼአቸዋለሁ። የእኔም ባለቤት አሁን ከጎኔ ሆና "እንዴት ሆነህ ትረሳለህ?" እያለችኝ ነው።


ከስብሰባ_የወጣ — ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡00

6 ዓመት ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ፤ ሦስቱን ዓመት ጸሐፊ። ፖለቲካ ብለን በአንድ ቃል የምንጠራው ነገር ውስጡ ሦስት የተለያየ ሥራ አለ። አንዱ ሥራው ራሱ ነው፤ ሰው ቤት ሄዶ ማነጋገር፣ ወረቀት ማዘጋጀት፣ ድምፅ መስጠት። ሁለተኛው ስብሰባ። ሦስተኛው በስልክ ሲጨቃጨቁ ማደር። እኔ ለአንድ ወር በማስታወሻ ደብተር መዝግቤ ነበር፤ ለመጀመሪያው የሰጠሁት በሳምንት ሁለት ሰዓት አይሞላም። ግሩፑ ግን ቀን ከሌሊት አብሮኝ ነበር። ሰውን በፖለቲካ የሚያቃጥለው ጭሱ ነው፤ እሳቱ አይደለም።

ስብሰባውን ደግሞ ማሳጠር ይቻላል፤ ሞክረነዋል። "ልዩ ልዩ" የሚባለውን አጀንዳ ታውቁታላችሁ? ስብሰባው ሁለት ሰዓት፣ ልዩ ልዩው ሁለት ሰዓት። የማይነሳ ርዕስ የለም፤ አንዱ የወንበሩን መሰበር ያነሳል፣ ሌላው የዛሬ ሦስት ዓመቱን ቅሬታ። አንድ ቀን ተነሥቼ "ልዩ ልዩ የሚቀርበው ከሁለት ቀን በፊት በጽሑፍ ከተላከ ብቻ ይሁን" የሚል ሐሳብ አቀረብኩ። በአንድ ድምፅ ተአቅቦ አለፈ። በሚቀጥለው ስብሰባ በጽሑፍ የመጣ ልዩ ልዩ ስንት ነበር? አንድም። በ2 ሰዓት ተኩል ቤታችን ገባን።

@የሌሊት_ሒሳብ አንድ ምክር ከእኔ፦ ጸሐፊነቱን ልቀቅ፣ አባልነቱን ያዝ። ከሁሉም የከፋው ቦታ እሱ ነው። ማታ የሌላ ሰው ዓረፍተ ነገር ስትጽፍ አምሽተህ፣ "አባላቱ በሰፊው ከተወያዩ በኋላ" እያልክ ቆይተህ፣ ቤት ገብተህ የራስህን ቋንቋ ከየት ታመጣለህ?


ድምፅ_አለኝ — ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡40

ይኼ ክር ያበሳጨኝ እዚህ ላይ ነው። ሁላችሁም ፖለቲካውን ከኳስ ጎን እንደ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ አስቀመጣችሁት። ሁሉም ለልቦለዱ ብሎ ኮሚቴውን ከለቀቀ የሚቀረው ማነው? ሌላ ሥራ የሌለውና ስልጣን የሚፈልግ ሰው። ከዚያ ደግሞ "ፖለቲካው ተበላሸ" ብላችሁ ልቦለድ ትጽፉበታላችሁ።


ከስብሰባ_የወጣ — ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡55

@ድምፅ_አለኝ ይልቀቅ አላልኩም፤ ጸሐፊነቱን ይልቀቅ ነው ያልኩት። ስሜን አይተህ ፈረድክብኝ መሰለኝ። የወጣሁት ከስብሰባ ነው፤ ዛሬም በወር አንድ ቅዳሜ በር እያንኳኳሁ ነው።


ድምፅ_አለኝ — ማክሰኞ፣ ጠዋት 5፡02

እሺ፣ ስሙ አሳስቶኛል። ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም። ደግሞም ቃለ ጉባኤ ቋንቋ ይገድላል ያልከውን አልቀበልም። ሰው እንዴት ሳይናገር እንደሚናገር የተማርኩት ቃለ ጉባኤ ስይዝ ነው። "እኔ የምቃወመው ነገር የለኝም፣ ግን…" ብሎ የሚጀምር ሰው ምን ሊል እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ደራሲ አሳዩኝ።


የምሽት_ነርስ — ማክሰኞ፣ ማታ 12፡30

ከእንቅልፌ አሁን ነው የተነሳሁት። ሁላችሁም "ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል" ስትሉ ሳቄ መጣ፤ እኔ በዚያ ሰዓት የሌሊቱን ተረኛ ርክክብ እያዘጋጀሁ ነው። ተረኛ ሠራተኛ ቋሚ ሰዓት የለውም። የእኔ ማሰሪያ ሰዓት ሳይሆን ድርጊት ነው፦ የሥራ ጫማዬን አውልቄ ሻወር ከገባሁ በኋላ፣ ከመተኛቴ በፊት፣ ግማሽ ገጽ። ፀሐይ ትውጣ አትውጣ አያገባኝም።

ስለ ልማድ "21 ቀን ይበቃል" የሚሉትን አትስሟቸው። ለንደን ውስጥ በ96 ሰዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት አለ፤ አንድ አዲስ ድርጊት ሳያስቡት የሚደረግ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚወስድ ገምቷል። ከሰው ሰው ደግሞ ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። ለእኔ ጠቃሚው ክፍል ግን አንድ ቀን መዝለል ብዙም አያበላሸውም ማለቱ ነው። እኔ አንድ ቀን ሳመልጥ "በቃ አበቃ" እያልኩ ለወር እተወው ነበር።

ሌላው፣ እንደ ነርስ፦ 17 ሰዓት ያህል ነቅቶ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው እንደሚሆን እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት አሳይቷል። 12 ሰዓት ጠዋት ተነስተህ ከነበረ፣ መርዙን ከቢላው ያወዳደርክበት ሰዓት 18ኛህ ነው። ሊቀመንበሩ ዕድለኛ ናቸው።


ግራ_ክንፍ — ማክሰኞ፣ ማታ 4፡10

ከልምምድ አሁን ገባሁ። ዕረፍት ከተነሳ የባኒስተርን ነገር ልንገራችሁ። ሮጀር ባኒስተር አንድ ማይልን ከ4 ደቂቃ በታች የሮጠ የመጀመሪያው ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. ግንቦት 6 ቀን 1954፣ በ3፡59.4። የሕክምና ተማሪ ነበር፤ ልምምዱን የሚሠራው በምሳ ሰዓት ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት እንኳ ሆስፒታል ገብቶ ነበር።

እኔ የምወዳት ግን ከዚያ በፊት ያለችውን ነገር ነው። ከጓደኞቹ ጋር 440 ያርድ (400 ሜትር ያህል፣ አንድ ዙር) 10 ጊዜ፣ በመሐል ሁለት ሁለት ደቂቃ እያረፉ ይሮጣሉ። ግባቸው እያንዳንዱን ዙር ወደ 60 ሰከንድ ማውረድ ነበር፤ 61 ላይ ተጣበቁ። ቢሉ ቢሠሩ 61። ከዚያ ባኒስተርና የልምምድ ጓደኛው ክሪስ ብራሸር ሩጫውን ትተው ስኮትላንድ ተራራ ሊወጡ ሄዱ። ጥቂት ቀን ቆይተው፣ አርፈው ሲሮጡ 59 ገባ። ከዚያ ቡድን ክሪስ ቻታዌይ ደግሞ በ1959 ፓርላማ ገብቷል፤ ጋሼ አራሚው፣ አንድ እንኳን ተሳክቶለታል 😄


ባለ168 — ማክሰኞ፣ ማታ 4፡30

ሁለት_ልጅ ያለችኝን ሳስበው ዋልኩ። ያቺን 30 ሰዓት ትናንት ባለቤቴን ጠየቅኳት። መልሷን እዚህ አልጽፍም። 17 ያልኩት ግን ወደ 9 ወርዷል፤ ሳህን ማጠብ ሲጨመርበት 7።


የሌሊት_ሒሳብ — ከሰባት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ጠዋት 1፡20

ተመልሼ ሳልጽፍ የቆየሁት የሚወራ ነገር እስኪኖረኝ ነው።

ጸሐፊነቱን ለቀቅኩ። ከባድ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ማኅተሙን ሳስረክብ እጄ ተንቀጠቀጠ። ከኮሚቴ ግን አልወጣሁም። @ድምፅ_አለኝ ያልከው ሰንብቶብኝ ነው። አንድ ሥራ ብቻ ወሰድኩ፤ በወር ሁለት ቅዳሜ ከሰዓት አዳዲስ አባላት ቤት እየሄድኩ አነጋግራለሁ። ግሩፑን ድምፁን ዘጋሁት፤ ማታ 12 ሰዓት ላይ አንዴ እከፍተዋለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት 312 ያልተነበበ መልእክት ቆየኝ። አንብቤ ስጨርስ እኔን የሚመለከት ሁለት ነበር፤ አንዱ "እንኳን ደስ ያለህ" የሚል፣ ለሌላ ሰው የተላከ።

ልቦለዱን ወደ ጠዋት አዛወርኩት፤ ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ አንድ አንድ ሰዓት። የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ቀናት አስቀያሚ ነበሩ፤ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጬ ግድግዳ ነው ያየሁት። የወር መዝጊያ ሳምንት ላይ ምንም አልጽፍም፤ አስቀድሜ ካላንደሩ ላይ ሰርዤዋለሁ። ይኼ ከሁሉም በላይ ጠቀመኝ። ድሮ በዚያ ሳምንት የባንክ ማስታረቂያው አልገጥም ሲለኝ በላዩ ላይ "ዛሬም አልጻፍኩም" የሚል ዕዳ ይጨመርብኝ ነበር።

ያልሆነልኝም አለ። ማክሰኞ ልምምድ ከሦስት አንዱን እቀራለሁ፤ ማታ በጊዜ ካልተኛሁ ጠዋት አልነሳምና። አሰልጣኙ ሁለት ጊዜ ተቀያሪ አስቀምጦኛል። @ግራ_ክንፍ አንተ እንዳትነካው ያልከኝን ነካሁት። ለጊዜው ሌላ መላ አላገኘሁለትም።

@ሁለት_ልጅ ምልልሱን በየትም ቦታ መጻፍ ጀምሬአለሁ፤ ግን በወረቀት ነው። ቴሌግራም ላይ መቼም አልጽፍም።

ባለፈው ስብሰባ ሊቀመንበሩ ከመክፈታቸው በፊት መነጽራቸውን አውልቀው "እኔስ? ሞትኩ ወይ?" አሉኝ።

"እስከ ምዕራፍ ሰባት አሉ" አልኳቸው።

"ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር" አሉ ለአዲሷ ጸሐፊ። እሷም አሰፈረችው፤ "በልዩ ልዩ" ሥር።


ግራ_ክንፍ — እሑድ፣ ጠዋት 2፡45

ልዩ ልዩው ከሁለት ቀን በፊት በጽሑፍ ተልኮ ነበር?


የሌሊት_ሒሳብ — እሑድ፣ ጠዋት 2፡50

ከሰባት ሳምንት በፊት ተልኳል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ።